ቁልፉ በማን እጅ ይቆይ?

ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ቤቱን በሰላም ስለሚያቆይበት መንገድ

ሰኔ ሲገባደድ በኪራሙ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። ፈተናው ታርሞ፣ ውጤቱ ተሞልቶ፣ ካርዱ ለተማሪው ከታደለ በኋላ አስተማሪው በተራው ሻንጣውን ያሰናዳል። አንዱ ለክረምት ትምህርት ወደ ነቀምት ወደ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ አንዱ እናት አባቱን ሊጠይቅ ወደ ትውልድ መንደሩ ያቀናል፤ ሌላውም የዓመት ፈቃዱን ተቀብሎ ዘመዶቹን ለማየት በነቀምት በኩል ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ ይኸውም ከነቀምት ብቻ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዳቸው ቢለያይም በመጨረሻዋ ሰዓት የሚያደርጉት ነገር አንድ ነው። በሩን ይዘጋሉ፤ ጓጉንቸሩን ይቆልፋሉ፤ ሁለት ጊዜ ጎተት ጎተት አድርገው ይፈትኑታል፤ ከዚያም ቁልፉን ኪሳቸው ከተው «እንግዲህ ቤቴ በሰላም ነው» ብለው መንገድ ይጀምራሉ።

እውነት ቤቱ በሰላም ነውን?

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። የመንግሥት ሠራተኛ ፈቃድ አጭር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ 20 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ሰጥቶ፣ አገልግሎቱ በጨመረ ቁጥር እስከ 30 የሥራ ቀን እንዲደርስ ፈቅዶ ነበር። ሃያ የሥራ ቀን ማለት ቅዳሜና እሑድ ሲታከልበት ሙሉ አራት ሳምንት ነው። የክረምት ትምህርት የሚማረው አስተማሪማ ሐምሌንና ነሐሴን ከቤቱ ርቆ ያሳልፋል። እነዚህ ወራት ደግሞ በምሥራቅ ወለጋ ዝናቡ እጅግ የሚበረታባቸው ናቸው። ስለዚህ ቤቱ ሰው በሚያስፈልገው ወራት ሰው አልባ ሆኖ ይቆያል ማለት ነው።

ብዙ ሰው «ቤት ጠብቅ» ሲባል የሚታሰበው ሌባ ብቻ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ ሲርቅ ወደ ባዶ ቤት የሚመጡት እንግዶች አራት ናቸው፤ ውሃ፣ እሳት፣ ምስጥና ሌባ። ከእነዚህም ውስጥ ጓጉንቸር የሚፈራው አራተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙ አይፈራውም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ውሃ

የወለጋ ዝናብ ረጅም ነው። በአብዛኛው በሚያዝያና በግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። የከተማው ቤት ደግሞ አብዛኛው እንጨት አቁሞ፣ ጭቃ መርጎ፣ ቆርቆሮ የከደነ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ሰው ሲኖርበት ዕድሜው ረጅም ነው፤ ምክንያቱም ጣራው ጠብ ሲል ባለቤቱ ሰምቶ ይነሣል፤ ምርጊቱ ሲላጥ አይቶ ይለስነዋል። ባለቤቱ ከሌለ ግን ከአንድ የላላ ሚስማር ሥር የገባች ጠብታ ስምንት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቦታ ላይ ትወርዳለች። ከሥሯ ያለው ፍራሽ ወይም የመጽሐፍ ሣጥን ከሆነ ባለቤቱ ሲመለስ የሚያገኘው ሻጋታ ነው።

ስለዚህ ተጓዡ ከመሄዱ ከአንድ ሳምንት በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ቤቱ ውስጥ ይቁምና ወደ ጣራው ቀና ብሎ ይመልከት። ኮርኒስ በሌለው ቤት ቀዳዳ ካለ ብርሃን ሆኖ ይታያል። ኮርኒስ ያለው ከሆነ ቡናማ እድፍ ይፈልግ፤ እድፉ ያለፈው ዝናብ የተወው ምልክት ነው። ከዚያ ወደ ውጭ ይውጣ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ እንደ ሆነ ይጥረገው፤ በቤቱ ዙሪያ ያለውን ቦይም ይክፈተው። የጭቃ ቤት ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ውሃ ተኝቶበት ሥሩ ሲርስ ነው። ዐልጋውንና ሣጥኑን ከግድግዳው ስንዝር ያህል ማራቅም ብልህነት ነው።

የቧንቧ ውሃ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ሌላ አደጋ አለበት። ውሃ በጠፋ ቀን ቧንቧውን ከፍቶ «ጠፍቷል» ይልና ሳይዘጋው ይሄዳል። ውሃው በማግሥቱ ሌሊት ሲመጣ ቤቱን ያጥለቀልቃል፤ በሩ ተቆልፏልና የሚገባ ሰው አይኖርም። ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን መዝጊያ አጥብቆ መዝጋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እሳት

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት በከንቱ አይደለም። በየቤታችን እሳት የማዳፈን ልማድ አለ። ማታ ፍሙ በዐመድ ተሸፍኖ ያድርና ጠዋት ተቆስቁሶ ይነሣል። ይህ ልማድ ሰው ላለበት ቤት በጎ ነው። በመንገድ ቀን ግን፣ ማለዳ ቡና ተፈልቶ፣ ሰው ተቻኩሎ በሚወጣበት ሰዓት፣ የተዳፈነ ረመጥ በምድጃው ቀርቶ እንደ ሆነ ማን ያየዋል? ዐመድ ሙቀቱን ለብዙ ሰዓት ይዞ ያቆያል። ነፋስ አንድ ፍንጣሪ ቢያነሣ፣ በአጠገቡ ማገዶ ወይም ማዳበሪያ ቢኖር፣ የተቆለፈው በር ለጎረቤት መሰናክል ይሆናል እንጂ ለእሳቱ አይሆንም። ስለዚህ በመንገድ ቀን እሳት አይዳፈንም፤ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ በእጅ ተዳስሶ፣ መቀዝቀዙ ከታወቀ በኋላ ዐመዱ ወደ ውጭ ይደፋል።

መብራት ባለበት ቤት ነገሩ ሁለት ነው። ኤሌክትሪክ ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ብዙ ጊዜ ጉዳት ያደርሳል፤ ኃይሉ በድንገት ከፍ ብሎ ሲመጣ በሶኬት ላይ የቀረ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ የሁሉም መሰኪያ ይነቀል፤ ከዚያም ዋናው ማጥፊያ ይውረድ። ማጥፊያውን አውርዶ መሰኪያውን መተው አይበቃም፤ ለጉዳይ የገባ ጎረቤት መብራት ፈልጎ መልሶ ሊያነሣው ይችላልና። ጋዝ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ምድጃው ላይ ያለውን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩን አፍ ይዝጋ።

ምስጥ

የወለጋን ምስጥ የማያውቅ ወለጋን አላወቀም። በተለይም በምዕራብ ወለጋ፣ በመነ ሲቡ፣ በመንዲና በነጆ በኩል የቤት ምሰሶ፣ የአጥር እንጨትና የማሳ ሰብል ሳይቀር የሚያጠፋ በመሆኑ ለአያሌ ዓመታት የግብርና ባለሙያዎችን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ሌላውም ወለጋ ቢሆን ከእርሱ ነጻ ነው ማለት አይቻልም።

የምስጥ ጠባይ ለተጓዥ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። ሠራተኛው ምስጥ ዓይን የለውም፤ ገላው ለስላሳ ስለ ሆነ ነፋስና ፀሐይ ያደርቀዋል። ስለዚህ በገሃድ አይሄድም። ከመሬት ወደ እንጨቱ የሚወስድ ጠባብ የጭቃ መተላለፊያ ይሠራና በእርሱ ውስጥ ይመላለሳል። እንጨቱንም ከውስጥ ስለሚበላው ላዩ ደህና መስሎ ይቆያል። የሚወደው ጨለማን፣ እርጥበትንና ጸጥታን ነው። ክረምቱን ሙሉ የተዘጋ ቤት ሦስቱን ሁሉ ያሟላለታል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ምስጥ ወረቀት የሚወድ መሆኑ ነው። ወረቀት ከእንጨት የተሠራ ነውና ለእርሱ የተፈጨ እህል ማለት ነው። ተማሪው ደብተሩን፣ አስተማሪው መጽሐፉን፣ ጸሐፊው የሹመትና የዕድገት ደብዳቤውን በካርቶን አድርጎ በዐልጋው ሥር፣ በመሬት ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ሲመለስ ካርቶኑ እንደ ቦታው አለ፤ ሲያነሣው ግን ቅርፊቱ ብቻ በእጁ ይቀራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ወረቀት በመሬት ላይ አይቀመጥ። ሣጥን ሁሉ በድንጋይ ወይም በብሎኬት ላይ ከፍ ይበል፤ ከግድግዳም ይራቅ። በግድግዳው ወይም በምሰሶው ላይ የጭቃ መስመር ከታየ ተፍቆ ይነሣ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በምሰሶው ሥር የሚቀቡም ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ምስጥ የተፈቀለትን መንገድ እንደ ገና ይሠራል። ስለዚህ በየሳምንቱ ገብቶ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ይህንም ዓይን ጓጉንቸር አይሰጥም።

እህል ያለውም እንዲሁ ያስብ። በቆሎውን ጥሬ እርጥበቱን በደንብ አድርቆ፣ አፉ በሚገጥም ዕቃ ካላኖረው፣ ነቀዙና አይጡ የክረምቱን ቀለብ ይካፈሉታል።

ሌባና ጓጉንቸር

አሁን ወደ አራተኛው እንግዳ ደረስን። ስለ ቁልፍ አንድ እውነተኛ ታሪክ እንንገራችሁ።

በሎንዶን ከተማ ብራማ የሚባል የታወቀ ቁልፍ ሠሪ ድርጅት ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1790 ዓ.ም. አንድ ቁልፍ ሠርቶ በሱቁ መስኮት ላይ አንጠለጠለና ያለ መክፈቻ ለሚከፍት ሰው 200 ጊኒ ሽልማት እሰጣለሁ አለ። ስድሳ ዓመት ያህል ሰው ሁሉ ሲያየው ኖረ፤ የከፈተው ግን አልተገኘም። በ1851 በዚያው በሎንዶን ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ መጣ። አስቀድሞ ቸብ የተባለውን ሌላ ስመ ጥሩ ቁልፍ በ25 ደቂቃ ከፈተው። ከዚያም ወደ ብራማ ሄዶ፣ በ16 ቀን ውስጥ በጠቅላላው 51 ሰዓት ደክሞ ያንንም ከፈተው። የእንግሊዝ ጋዜጦች ተንጫጩ፤ ሕዝቡም የማይከፈት ቁልፍ በዓለም እንደሌለ ተረዳ።

ታሪኩ ቁልፍ ከንቱ ነው አያሰኝም። የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። ቁልፍ ጊዜ ይገዛል። ደካማው ደቂቃ ይገዛል፤ ብርቱው ሰዓት ይገዛል። የተገዛውን ጊዜ የሚጠቀምበት ሰው ከሌለ ግን ጥቅሙ ምንድን ነው? ሆብስ 51 ሰዓት ያገኘው ተቆጪ ስላልነበረው ነው። በኪራሙም ሆነ በነቀምት ባዶ ቤት ያገኘ ሌባ ሌሊቱ ሁሉ የእርሱ ነው። በአጠገቡ የሚያስል፣ «ማነው?» የሚል፣ መብራት የሚያበራ ሰው ካለ ግን አምስት ደቂቃ እንኳ ትበዛበታለች።

ስለዚህ ጓጉንቸር ይግዙ፤ ግን በልክ ይመኑት። ከጓጉንቸሩም ይልቅ የገባበትን ብረት ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ውድ ጓጉንቸር በሁለት አጫጭር ሚስማር በተመታ ቀጭን ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሌባው ጓጉንቸሩን ሳይነካ ብረቱን ፈንቅሎ ይገባል። ብረቱ በሩን አልፎ በሚወጣ ቡሎን ከውስጥ ይታሰር። መስኮቱም ከበሩ ያነሰ ጥንቃቄ አይገባውም። መሰላል፣ ዶማና መጥረቢያ በግቢ አይተው፤ ሌባ መሣሪያውን ከባለቤቱ ሲዋስ ያሳፍራል።

ውሻ የሚያስቀምጡም አሉ። በጣልያን አገር በፈረንጆች በ79 ዓ.ም. በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ከተማ በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ በትንንሽ ድንጋይ የተሠራ የውሻ ሥዕል «ከውሻ ተጠንቀቅ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተገኝቷል። ልማዱ ጥንታዊ ነው። ነገር ግን የተራበ ውሻ ጥሎ መሄድ ቤት መጠበቅ አይባልም። የሚያበላው ካላገኘ ሰንሰለቱን ይበጥስና ምግብ ፍለጋ ይሄዳል፤ ወይም በታሰረበት ይሠቃያል። ውሻም ቢሆን አደራ ተቀባይ ያሻዋል።

በዘመናችን ደግሞ ሌባን በገዛ እጅ የመጥራት አዲስ መንገድ ተገኝቷል። ወጣቱ አውቶቡስ ላይ ሳለ ፎቶግራፉን ያነሣና «ቻው ኪራሙ፣ እስከ መስከረም!» ብሎ በፌስቡክ ያወጣዋል። ይህን የሚያነቡት ወዳጆቹ ብቻ አይደሉም። ፎቶግራፉ ከተመለሱ በኋላ ቢወጣ ውበቱ አይቀንስም።

ጎረቤት

እንግዲህ ከላይ የቆጠርናቸው ነገሮች ሁሉ የሚያደርሱት ወደ አንድ ቦታ ነው። ጣራው ሲያፈስ የሚሰማ፣ የምስጡን መንገድ የሚፍቅ፣ ውሻውን የሚያበላ፣ ሌሊት «ማነው?» የሚል ሰው ያስፈልጋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ለዚህ ነው። በጎረቤት ፈንታ የተሠራ ቁልፍ እስከ ዛሬ የለም።

ነገር ግን አደራ የሚሰጥበትም መንገድ አለው። እስቲ አንድ ወጣት አስተማሪ እናስብ። በማለዳ፣ አውቶቡሱ ሊሄድበት ሲል፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ጎረቤቱን ባልቴት ይጠራል።

«አዴ፣ እኔ መሄዴ ነው። ቤቱን አደራ!»

«እሺ ልጄ፣ በሰላም ግባ» ይላሉ እርሳቸውም።

ይህ ሰው ምን ሰጠ? ባልቴቷስ ምን ተቀበሉ? ቁልፍ የላቸውም፤ ጣራው ቢያፈስ ሊገቡ አይችሉም። መቼ እንደሚመለስ አያውቁም። አንድ ጎልማሳ መጥቶ «ወንድሙ ነኝ፣ ዕቃ ውሰድ ብሎኛል» ቢላቸው እውነቱን ከሐሰት የሚለዩበት የላቸውም። ቃሉ መልካም ነው፤ ግን ባዶ ነው።

ሌላው ደግሞ ከመሄዱ ከሁለት ቀን በፊት ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ይሄዳል። ጊዜ ወስዶ እንዲህ ይላል፦

«አዴ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ፤ የምመለሰውም ጳጉሜን ሳይወጣ ነው። አንደኛው ቁልፍ ይኸውልዎ። በየቅዳሜው ልጅዎ ገብቶ ጣራውንና ምሰሶውን ያይልኝ፤ መስኮቱንም ለአንድ ሰዓት ከፍቶ ያናፍሰው። ዕቃ ውሰድ ብዬ የምልከው ሰው የለም፤ ማንም በስሜ ቢመጣ በዚህ ስልክ ሳይደውሉልኝ አይስጡ። ለሚስማርና ለቆርቆሮ ቢያስፈልግ ይህችን ገንዘብ ያስቀምጡልኝ።»

«ልጄ፣ ገንዘቡን ምን አመጣው?»

«ለእርስዎ አይደለም፤ ለጣራው ነው።»

በዚህ ንግግር ውስጥ አምስት ነገሮች አሉ፤ የመመለሻ ቀን፣ ቁልፍ፣ የተወሰነ ሥራ፣ የስልክ ቁጥርና ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ገንዘብ። አምስቱ ከተሟሉ አደራው አደራ ሆነ። ተከራይ የሆነ ሰው ደግሞ ለአከራዩ መሄዱን መንገርና የኪራዩን ነገር አስቀድሞ መጨረስ ይገባዋል። የሁለት ወር ኪራይ ሳይከፍል ድምፁን አጥፍቶ የሄደ ተከራይ በሩ ተከፍቶ ዕቃው ወጥቶ ቢያገኘው፣ ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ ሊጭን አይችልም።

አንዳንድ ሰው «ቁልፌን ለሰው ብሰጥ ዕቃዬ ቢጠፋ በወዳጄ ላይ ጥርጣሬ ያድርብኛል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ጉርብትና በዚህ ተበላሽቷል። ስለዚህ ገንዘብና ጌጥ በቤት አይተው፤ ዋና ዋናው ዕቃም በሁለት ወረቀት ተጽፎ አንዱ በተጓዡ፣ አንዱ በጎረቤቱ እጅ ይሁን። ዝርዝሩ ያለመተማመን ምልክት አይደለም። እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የሚጠብቀው አደራ ተቀባዩን ነው፤ ያልተሰጠውን «ተሰጥቶሃል» ከሚል ሐሜት ያድነዋልና።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ነገር ቦታ ሰጥቶታል። በ2779ኛው አንቀጽ የሌላውን ዕቃ ተቀብሎ በጥንቃቄ ለማስቀመጥ መስማማትን እንደ ውል ይቆጥረዋል። እንግዲህ አያቶቻችን «አደራ በላ» ሲሉ የኰነኑትን ነገር ሕጉም በበኩሉ ዳኝነት አቁሞለታል ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አለ። ከ2257ኛው አንቀጽ ጀምሮ ሕጉ ውክልና ሳይሰጠው የሌላውን ሰው ጉዳይ አውቆ ስለሚሠራ ሰው ይናገራል። ዝናብ የጎረቤትን ጣራ ገነጠለ እንበል፤ ባለቤቱ ሩቅ ነው፤ ስልኩም አይሠራም። ጎረቤቱ በገዛ ገንዘቡ ቆርቆሮ ገዝቶ አስመታ። የባለቤቱ ጥቅም ይህ እንዲሠራ የሚያስፈልግ ከነበረ ባለቤቱ ሲመለስ «ማን አዘዘህ?» ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ ወጪውን መተካት አለበት። ይህ የሕግ ብቻ ሳይሆን የጨዋነትም ነገር ነው።

ስለ ወረቀት

ስለ ኪራሙ ስንጽፍ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሐሰተኞች እንሆናለን። በዚህ አገር ቤቱን ጥሎ የሄደ ሁሉ ለዕረፍት የሄደ አይደለም። ነሐሴ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. በጊዳ ኪራሙ በደረሰው ጥቃትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በተከተለው የበቀል ግድያ ከ210 የሚበልጡ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያው ወር ገልጿል። በ2015 ዓ.ም.ም ብዙ ሕዝብ ከኪራሙና ከአካባቢው ተፈናቅሏል። እነዚያ ሰዎች አሸንዳ ለመጥረግ፣ ዕቃ ለመጻፍ ጊዜ አልነበራቸውም። እንዲህ ላለው ቀን ምክር የሚሆን ቁልፍ የለም፤ ሰላም ብቻ ነው።

ሆኖም ከዚያ መከራ ለሁላችንም የሚተርፍ አንድ ትምህርት አለ። የተቃጠለ ቤት በብዙ ድካም ይሠራል። የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የኮሌጅ ማስረጃ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የልደትና የጋብቻ የምስክር ወረቀት የጠፋበት ሰው ግን ማንነቱን ራሱን ለማስረዳት ደጅ ይጠናል። ሥራ ሲፈልግ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ማስረጃውን ሲፈልግ መታወቂያ ይጠየቃል። ስለዚህ ወጣቱ ተማሪም ሆነ አዲሱ ጸሐፊ ለክረምት በሄደ ቁጥር እንዲህ ያድርግ። ዋናዎቹን ማስረጃዎች ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልሎ በሻንጣው ከልብሱ በታች ይያዛቸው። ቅጂያቸውን በሌላ ከተማ ባለ የታመነ ዘመድ ቤት ያስቀምጥ። ፎቶግራፋቸውንም አንሥቶ ስልኩ ቢጠፋ በሚገኙበት ቦታ፣ በኢሜይሉ ያኑር። ሦስቱ በአንድነት ግማሽ ቀን አይፈጁም።

ሲመለሱ

መመለስም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ የሚደረሰው ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ጎረቤት ነው። በኋላ ከተገኘው ጉድለት ይልቅ ቀድሞ የሚታወሰው ውለታው ይሁን። ከነቀምት ገበያ የመጣች አንድ ኪሎ ስኳር፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ትንሽ ነጠላ ብዙ ትናገራለች። ሁለት ወር ሙሉ በየቅዳሜው በርዎን የከፈተው ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ ቢያገኝ፣ በሚመጣው ክረምት ሳይለመን ይመጣል።

ከዚያ በሩ ይከፈት። ጋዝ ያለበት ቤት ከሆነ መብራት ሳይበራ፣ ክብሪት ሳይጫር መስኮቱ ሁሉ ይከፈትና ነፋስ ይግባ። ፍራሹና ብርድ ልብሱ ፀሐይ ይሙቀው፤ ከዐልጋ ሥርና ከሣጥን ኋላ እጅ ከመግባቱ በፊት በዱላ ይዳሰስ፤ ክረምት እባብንም ደረቅ ቦታ ያስፈልገዋልና። በሩ ተሰብሮ ከተገኘ ግን ምንም ሳይነካ ለፖሊስ መንገር ይቀድማል። የዕቃው ዝርዝር የሚጠቅመውም ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር አይረሳ። አደራ የሰጠ ሰው አደራ ለመቀበልም የተዘጋጀ ይሁን። ዘንድሮ ባልቴቷ የአስተማሪውን ቤት ጠብቀውለታል፤ ለገና ወይም ለፋሲካ እርሳቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ደግሞ ተራው የእርሱ ነው። መስቀል በደረሰ ቁጥር የጉራጌ ተወላጅ ከአዲስ አበባ ወደ አገር ቤቱ ሲገባ ሱቁና ቤቱ የሚቆዩት በየሰፈሩ በቀሩት ዘንድ ነው፤ የቀሩትም በሌላ በዓል ተራቸውን ይሄዳሉ። ጉርብትና የሚዘልቀው እንዲህ ሲመላለስ ነው።

እንግዲህ ሰኔ ሲገባደድ ጓጉንቸሩን ቆልፈው ሁለት ጊዜ ጎተት ካደረጉት በኋላ ቁልፉን ወደ ኪስዎ ከመክተትዎ በፊት ለአንድ አፍታ ቆም ይበሉ። «ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። የሚመልሱት ስም ካለዎት በሰላም ይሂዱ። ስም ከሌለዎት ግን አውቶቡሱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ጎረቤት ዘንድ ቡና ይጠጡ።